በሞርሴቶ ተቀጥላ የእንጨት ጠርዝ ማጣበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጠርዝ ማጣበቂያ ተቀጥላ የሚባለው ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

ሞርሴቶ፣ ክላምፕ የሚሉትም አሉ፣ በሁለት ክንዶቹ መካከል የገባውን እንጨት ከላይና ከታች ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ተቀጥላው ደግሞ በዚሁ ሞርሴቶ ዘንግ ላይ የሚገባ አነስተኛ ብረት ሲሆን፣ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ወደ ክንዶቹ መሃል የሚገፋ ብሎን አለው። ሞርሴቶው የፓነሉን፣ ማለትም ጠርዙ ላይ እንጨት የሚለጠፍበትን ሰፊ ሰሌዳ፣ ሁለት ገጾች ሲነክስ ዘንጉ ከጠርዙ ፊት ለፊት ቆሞ ይቀራል፤ ተቀጥላው በዚያ ዘንግ ላይ ተደግፎ ብሎኑ ሲጠብቅ፣ ኮላ የተቀባውን ቀጭን እንጨት ከፓነሉ ጠርዝ ጋር ያጣብቀዋል። ባለ አንድ ብሎንም ባለ ሁለት ብሎንም አለ። በሲ ቅርጽ ተሠርቶ ሦስተኛው ብሎን ከጀርባው የሚገፋ ሞርሴቶም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ተቀጥላው ዎርክሾፕ ውስጥ ባለው ሞርሴቶ ላይ ሲገባ ያኛው ግን ለብቻው የሚገዛ መሆኑ ነው።

ረጅም ሞርሴቶ ካለኝ ተቀጥላው ለምን ያስፈልገኛል?

ረጅም ሞርሴቶ አንዱን ጠርዝ ለመግፋት በተቃራኒው በኩል የሚደገፍበት ሌላ ጠርዝ ይፈልጋል፤ ያ ጠርዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ክብ የጠረጴዛ ፊት ትይዩ ጠርዝ የለውም። ግድግዳ ላይ የተገጠመ መደርደሪያ የኋላ ጠርዙ አይገኝም። 2.44 ሜትር ርዝመት ያለው ሙሉ ኮምፔንሳቶ በጠባብ ጫፉ ላይ እንጨት ይለጠፍበት ቢባል ደግሞ ከ2.5 ሜትር የሚበልጥ ሞርሴቶ በብዛት መሰብሰብ ያስፈልጋል። ተቀጥላው ድጋፉን የሚያገኘው ከፓነሉ ገጽ ስለሆነ የተቃራኒው ጠርዝ ርቀትም ቅርጽም አያሳስበውም።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት አይደለም። ፓነሉ ጠባብና ጠርዞቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ረጅሙ ሞርሴቶ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ጠርዞች ያጣብቃል፤ ጉልበቱም ይበልጣል። እኔ በበኩሌ ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ መደርደሪያ ተቀጥላውን ከመሳቢያው አላወጣውም።

ጣውላዎችን ጎን ለጎን አጣብቆ ሰፊ ገበታ ለመሥራት ይሆናል?

ለዚያ ሥራ አልተሠራም። አራት ወይም አምስት ጣውላ ጎን ለጎን ሲጣበቅ ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር በሁሉም መስመሮች ውስጥ ማለፍ ስላለበት፣ ረጃጅም ሞርሴቶዎችን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቁ መጠቀም ይሻላል። ማፈራረቁ ገበታው ወደ አንድ ወገን እንዳይጎብጥ ይረዳል። ተቀጥላው የሚገባው በመጨረሻ፣ በተጠናቀቀው ገበታ ዳር ላይ ጠባብ እንጨት መጨመር ሲያስፈልግ ነው።

ስመርጥ ምን ልመልከት?

ከሁሉ በፊት የሞርሴቶውን ዘንግ ስፋትና ውፍረት በካሊፐር ለክቶ ተቀጥላው የሚቀበለው መጠን ያ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሰፊ ክፍተት የገባ ተቀጥላ ብሎኑ ሲጠብቅ ያጋድላል፤ ያጋደለ ብሎን ደግሞ የሚለጠፈውን እንጨት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይነዳዋል። ቀጥሎ የክንዱ ጥልቀት ይታያል። በዘንጉና በክንዱ ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ውስጥ የተቀጥላው ብሎን፣ የግፊት አከፋፋዩ እንጨት (ግፊቱን ለማስፋት በብሎኑና በሚለጠፈው እንጨት መካከል የሚገባው) እና የሚለጠፈው እንጨት ገብተው፣ ክንዱ ፓነሉን አጥብቆ የሚነክስበት ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። ክንዳቸው አጭር የሆኑ ቀላል ሞርሴቶዎች በዚህ ሒሳብ ይወድቃሉ።

ሌላው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነው። የብሎኑ መርገጫ በጫፉ ላይ እንደልቡ የሚወዛወዝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ዘንበል ቢል እንኳ ሙሉ ፊቱን ያሳርፋል።

የሚለጠፈው እንጨት ምን ያህል ውፍረት ይኑረው?

ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቀጭኑ በቀላሉ ታጥፎ ከጠርዙ ጋር ይገጥማል፣ ነገር ግን ያለ አከፋፋይ እንጨት ከተገፋ በብሎኖቹ መካከል ይነፋል። ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ወፍራም እንጨት ግፊቱን ራሱ ያከፋፍላል፤ ሆኖም ግትር ስለሆነ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉድለት እንኳ ተቀጥላው አስገድዶ ሊዘጋት አይችልም።

ድፍን እንጨት በኮምፔንሳቶ ጠርዝ ላይ ሲለጠፍ ቃጫው በጠርዙ ርዝመት ይሄዳል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ የሚያብጠውና የሚሸማቀቀው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በርዝመቱ በኩል ሥጋት የለም። በፓነሉ ውፍረት አቅጣጫ ግን ጨርሶ አይንቀሳቀስም ማለት አይቻልም፤ በ18 ሚሊ ሜትር ፓነል ላይ የተለጠፈ እንጨት እርጥበቱ በመቶ 4 ያህል ቢቀንስ ቁመቱ እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ በጣት ሲዳሰስ ግን የመገናኛው መስመር ይታወቃል። ስለዚህ ሁለቱንም እንጨቶች ሥራው በሚኖርበት ቦታ ለጥቂት ቀናት አቆይቶ ማላመድ ከማናቸውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል።

ጠርዙን እንዴት ላዘጋጀው?

በእኔ ልምድ የማጣበቅ ሥራ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ተቀጥላ እንጨቱን አስጠግቶ ይይዛል እንጂ ጠማማ ጠርዝ አያቃናም። ጠርዙ በመላጊያ ወይም በጥሩ መጋዝ ተስተካክሎ ከፓነሉ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑ በስኳድራ ይታያል፤ ከዚያ የሚለጠፈው እንጨት ያለ ኮላ ይቀመጥና በጣት ብቻ ይጫን። በጣት ግፊት መስመሩ ካልተዘጋ ሥራው ወደ መላጊያው ይመለሳል። መብራት ከኋላ አስቀምጦ ከፊት መመልከት ቀላሉ ምርመራ ነው፤ ብርሃን ባለፈበት ቦታ ሁሉ ኮላው ክፍተት ሲሞላ ይውላል ማለት ነው።

የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ከሞላ ጎደል ግማሹ ተቆርጦ አፉን የከፈተ ቃጫ ነው፤ ከእንጨት ብናኝና ስብርባሪ ተጨምቀው የሚሠሩት ኤምዲኤፍና ቺፑድ ደግሞ ኮላን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣሉ። እንዲህ ባሉት ላይ መጀመሪያ ስስ ኮላ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ እንዲመጠጥ መተው፣ ከዚያ ዋናውን ኮላ መቀባት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ኮላው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባና መገናኛው ላይ የሚቀር አይኖርም።

የሚለጠፈው እንጨት ከፓነሉ ውፍረት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እንዲበልጥ ተደርጎ ይቆረጥ። በሁለቱም ወገን የምትተርፈው ጥቂት ትርፍ ሲደርቅ በመላጊያ ትነሣለች። እኩል አድርጎ ቆርጦ እኩል ለማሳረፍ የሚሞክር ሰው ኮላው ሲያንሸራትተው መጸጸቱ አይቀርም።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

ኮላ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ነገር በደረቁ አንድ ጊዜ ይሞከር። ፓነሉ ከሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ወይም በሁለት ጣውላ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አለዚያ የታችኛው ክንድ መግቢያ አያገኝም። ሞርሴቶዎቹ ወደሚገቡበት ስፋት ተከፍተው፣ ተቀጥላዎቹ በዘንጋቸው ላይ ገብተው፣ ብሎኖቻቸው ወደ ኋላ ተመልሰው በሚቀመጡበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የፓነሉ ገጽ እንዳይሰረጉድ በክንዶቹ ሥር የሚገቡ ቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶዎችም አብረው ይዘጋጁ።

ከዚያ ኮላው ስስና ወጥ ሆኖ ይቀባል፣ እንጨቱ ይቀመጣል፣ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ታሽቶ አየሩ ይወጣለታል። መንሸራተት የሚያስቸግር ከሆነ ጠርዙ ላይ ሁለት ቀጫጭን ምስማሮች መትቶ አንገታቸውን በጉጠት መቁረጥ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሹል ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ ሹሉ እንጨቱን ነክሶ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ሞርሴቶ መሃል ላይ ይገባል። ቀድሞ የሚጠብቀው ፓነሉን የሚነክሰው የሞርሴቶው እጀታ ነው፤ የተቀጥላው ብሎን የሚከተለው ሞርሴቶው ከተጠበቀ በኋላ ብቻ ነው። ብሎኑ በእንጨቱ ቁመት መሃል ላይ እንዲያርፍ ተቀጥላው በዘንጉ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል። ቀሪዎቹ ከመሃል ወደ ሁለቱ ዳሮች እየተፈራረቁ ይገባሉ። ሁሉም ከገቡ በኋላ ተመልሶ እያንዳንዱን ሩብ ዙር ማጥበቅ ይገባል፤ ኮላው ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ መላላታቸው የታወቀ ነው።

ስንት ተቀጥላ ያስፈልጋል? ምን ያህልስ ይጥበቅ?

ግፊት ከብሎኑ መርገጫ ተነሥቶ ወደ እንጨቱ ሲገባ በግምት በ45 ዲግሪ እየሰፋ ይሄዳል። መርገጫው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውና የሚለጠፈው እንጨት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ ኮላው ዘንድ ሲደርስ የሚሸፍነው 37 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመካከሉ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አከፋፋይ እንጨት ሲገባ ግን ሽፋኑ 117 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ስሌት አከፋፋይ ካለ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፣ ለአንድ ሜትር ጠርዝ ስምንት ወይም ዘጠኝ ተቀጥላ ይበቃል፤ አከፋፋይ ከሌለ ሃያ ሰባትም አይበዛም። አከፋፋዩን እንጨት አንዳንዶች መሃሉን በጣም ጥቂት አበጥ አድርገው ይልጉታል፤ ሁለቱ ዳሮቹ ሲጠብቁ መሃሉም ይጫናል።

የጥብቀቱ ጉዳይ ብዙ ያከራክራል። ለነጭ ኮላ በተለምዶ የሚመከረው ግፊት ለለስላሳ እንጨት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ7 እስከ 10 ኪሎ ግራም፣ ለጠንካራ እንጨት ከ12 እስከ 17 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጠርዝ 180 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ዝቅተኛው እንኳ ከ1200 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ዘጠኝ ተቀጥላ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ግራም ቢገፉ 900 ይሆናል፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ከሚመከረው ያንሳል። ይህም ሆኖ ጠርዙ በትክክል ከተላገና መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ መገናኛው በደንብ ይይዛል። ምልክቱ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ የሚታዩ ጥቃቅን የኮላ ጠብታዎች ናቸው። ጠብታ በሌለበት ቦታ ኮላው ወይም ግፊቱ አንሷል፤ ኮላው እየፈሰሰ መሬት ከደረሰ ደግሞ በዝቷል።

ብሎኑን ሳጠብቅ ሞርሴቶው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?

ብሎኑ እንጨቱን ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ሞርሴቶውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እንዳይሄድ የሚይዘው በክንዶቹና በፓነሉ ገጽ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ክንዶቹ ፓነሉን በ200 ኪሎ ግራም ቢነክሱና የሰበቃው ምጣኔ 0.3 ቢሆን፣ ሁለት ገጽ ስላለ የመያዣው አቅም 120 ኪሎ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ብሎኑን ማዞር ሞርሴቶውን ከማስነሣት በቀር የሚጨምረው የለም። መፍትሔው እጀታውን የበለጠ ማጥበቅ፣ በክንዶቹ ሥር ቀጭን ጎማ ወይም ሸካራ ፊቱ ወደ ፓነሉ የዞረ የብርጭቆ ወረቀት ማስገባት ነው። የተቀባና ያለቀ ገጽ ከሆነ ጎማው ይመረጣል። አንድ ጊዜ ለስላሳ ላሚኔት በለበሰ ፓነል ላይ ስምንት ሞርሴቶ አሰልፌ ዘጠነኛውን ሳጠብቅ ሦስቱ ተራ በተራ ሸርተት ብለው ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ከሞርሴቶዎቹ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ማንኛውም ዓይነት ኮላ ይሆናል?

ለቤት ውስጥ ሥራ የተለመደው ነጭ ወይም ቢጫ ኮላ፣ ማለትም ፒቪኤ፣ ይበቃል። መሠረቱ የሆነውን ፖሊቪኒል አሲቴት ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ እ.ኤ.አ. በ1912 እንዳገኘው ይታወቃል። ይህ ኮላ ግፊት ይወዳል፤ ክፍተት መሙላት ግን አይሆንለትም። ኢፖክሲ በተቃራኒው ክፍተት ይሞላል፣ ግፊትም ብዙ አይፈልግም፤ በኃይል ከተጠበቀ ተጨምቆ ያልቃል። ፖሊዩሬታን ኮላ እየደረቀ አረፋ ስለሚሠራ እንጨቱን ከቦታው ሊገፋው ይችላል፤ አረፋው ራሱ ጥንካሬ የለውም፣ ስለዚህ ተቀጥላዎቹ ቀረብ ቀረብ ብለው መግባት አለባቸው።

መቼ ልፍታው?

ፒቪኤ ከተቀባ በኋላ እንጨቱን ለማስተካከል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ጊዜ አለ። በተጠበቀ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ጠርዙን ለመላግ ግን እስከ 24 ሰዓት መታገስ ይገባል። ቀድሞ የተላገ መስመር ኮላው ያስገባው ውኃ ሲወጣ ይሰረጉዳል። ብርድ ባለበት ክፍል ጊዜው ይረዝማል፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሽየስ በታች ብዙዎቹ ነጭ ኮላዎች እንደ ጠመኔ ዱቄት ሆነው ይደርቃሉ፣ ያ መገናኛም አይታመንም።

የወጣውን ኮላ እንዴት ላንሣ? እንጨቱ ላይ የሚታየው ጥቁር ምልክትስ ከየት ይመጣል?

በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ኮላውን አሟሙቶ ወደ ቃጫው ያስገባዋል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ነጣ ያለ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቆ፣ ኮላው እንደ ጎማ ሲሆን በመሮ ወይም በመፋቂያ ማንሣት ንጹሑ መንገድ ነው።

ጥቁሩ ምልክት የብረቱ ነው። እንደ ኦክ ያሉ እንጨቶች በውስጣቸው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ታኒን ከብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ቀለም ይሠራል፣ ድሮ ጽሕፈት ይጻፍበት የነበረው ጥቁር ቀለምም ከዚሁ ዘር ነው። የብሎኑ መርገጫ ወይም የሞርሴቶው ክንድ እርጥብ ኮላ ከነካ ሲፈታ ቅርጹን በጥቁር አትሞ ይገኛል። በመካከሉ በሰም የተለወሰ ወረቀት ወይም ሰፊ ስኮች ማስገባት ያስቀረዋል። ከታየ በኋላ መላግ ወይም በኦግዛሊክ አሲድ ማንጣት ግድ ይላል፤ አሲዱ መርዛም ስለሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል።

ለተጠማዘዘ ጠርዝ ይሠራል?

ይሠራል፤ እንዲያውም ዋጋው በትክክል የሚታወቀው እዚያ ነው። እንጨቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ በደረቁ ሳይሰነጠቅ መታጠፉ ይሞከር፤ ወፍራም ጠርዝ ቢፈለግ ቀጫጭኖቹን ደራርቦ ማጣበቅ ይቻላል። ሥራው ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ በመስመሩ ይከተላል፤ ሁለቱን ጫፎች ቀድሞ ማሰር መሃሉን ያስነሣዋል። ግትር አከፋፋይ እንጨት እዚህ ስለማይገጥም፣ ከፓነሉ ተቆርጦ የወደቀው የተጠማዘዘ ቁራጭ በትንንሹ ተከፋፍሎ በየብሎኑ ሥር ይገባል። ቁራጩን ገና ሲቆረጥ መጣል የለመደ ሰው ይህን ልማድ ይተው።

ተቀጥላ ከሌለኝስ?

ሞርሴቶውን እንደተባለው ፓነሉ ላይ አጥብቆ፣ በዘንጉና በሚለጠፈው እንጨት መካከል ሽብልቅ መምታት ይቻላል። አንድ ሽብልቅ ብቻ ከሆነ እንጨቱን ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሽብልቆች አፍ ለአፍ ተገናኝተው ይግቡ፣ ከእነሱና ከእንጨቱ መካከልም አከፋፋይ ይኑር። ከ5 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ቀጭን እንጨት ደግሞ ስኮች በየሦስት ጣቱ በደንብ ተለጥጦ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ቢለጠፍ ይበቃል። ጉልበቱ አነስተኛ ነው፤ ስለሆነም የጠርዙ አላላግ ከወትሮው ይበልጥ መጠንቀቅን ይጠይቃል።

ደርቆ ሲፈታ መስመሩ በአንድ ቦታ ክፍት ሆኖ ቢገኝ ማዳን ይቻላል?

ክፍተቱ አጭርና ዳር ላይ ከሆነ ስስ ኮላ በቀጭን ምላጭ ወይም በመርፌ አስገብቶ፣ ሁለት ተቀጥላ እዚያው ላይ አጥብቆ ማዳን ይቻላል። መሃል ላይ ከሆነና ስፋቱ ከወረቀት ውፍረት ከበለጠ ግን አይሞከር። የደረቀ ፒቪኤ አዲስ ኮላን በደንብ አይቀበልም፤ አሮጌው ኮላ ውስጥ እያለ ምንም ያህል ቢጠበቅ ተመልሶ ይከፈታል። እንጨቱን በመጋዝ ወይም በመላጊያ እስከ ፓነሉ ድረስ ማንሣት፣ ጠርዙን ጥሬ እንጨት እስኪታይ መላግና እንደ አዲስ መጀመር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።